የመጀመሪያው ጥሪ ለምን ይዘገያል?

ባለፈው ቅዳሜ ጧት ከእንጅባራ ተነሥተን ዘንገና ሐይቅ ዳር ቡና ብናዝ፣ ከሰሉ ገና አልተያያዘም ነበርና ብርዱ አጥንታችን ድረስ እስኪገባ ጠበቅን። ከእኛ በኋላ የመጡት ግን ወዲያው ጠጡ። በመንገድ ስንከራከርበት የመጣነው ነገርም ይኸው ነበር።

እንደሚታወቀው የማኅበራችንን የመጻሕፍት ውሰት መዝገብ በፖስትግሬስ አደራጅተናል። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን «ሀይሉ» ብሎ የሚፈልግ እንዳያጣው፣ «ገ/መድኅን»ም ከ«ገብረ መድኅን» ጋራ አንድ ሆኖ እንዲገኝ፣ አንድ ፋንክሽን በፐርል ጽፈን እዚያው መረጃ ቋቱ ውስጥ አኖርን። (ነገሩ የሞክሼ ፊደላት ብቻ ቢሆን የፖስትግሬስ የራሱ ትራንስሌት በበቃን፤ ፐርል ያስፈለገን ለምሕጻረ ስሞቹ ነው።) ሥራው መልካም ነው፤ ነገር ግን መዝጋቢያችን ፕሮግራሙን በከፈተ ቁጥር የመጀመሪያው ፍለጋ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ፐርል ቀርፋፋ ነው፤ ይጣል» አሉ። ፍርዱ የተቻኮለ ይመስለናል።

ፖስትግሬስ ለሚመጣው ግንኙነት ሁሉ የተለየ ሂደት ይወልዳል። ይህ ሂደት ሲወለድ ፐርል የሚባል ነገር አያውቅም። ፋንክሽኑ በተጠራ ጊዜ የፐርልን ተርጓሚ ከዲስክ ይጭናል፣ ያስነሣዋል፣ ሞጁሎቹን ያነባል፣ እኛ የጻፍነውንም ያጠናቅራል። ሁለተኛው ጥሪ ይህ ሁሉ ተፈጽሞ ስለሚቆየው ይፈጥናል። ግንኙነቱ ሲዘጋ ግን ሁሉም ይጠፋል፤ እንግዳው ሁሉ የየራሱን ከሰል ያያይዝ እንደ ማለት ነው። ጃቫን እንዲሁ የሚያስኬዱማ ሙሉውን የጃቫ ማሽን ለየግንኙነቱ ስለሚያስነሡ ከእኛ ይብስባቸዋል።

መድኃኒቱ ከአንድ ምድጃ እሳት መጫር ነው። ሼርድ ፕሪሎድ ላይብረሪስ በተባለው ቅንብር ላይ ፒኤል ፐርል ቢጻፍ፣ ተርጓሚው አገልጋዩ ሲነሣ በእናቲቱ ሂደት ላይ አንድ ጊዜ ይጫናል፤ በሊኑክስ ልጆቿ ሁሉ የተጫነውን ወርሰው ይወለዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው 9.0 እትም ደግሞ ኦን ኢኒት የሚባል የፒኤል ፐርል ቅንብር ተጨምሮ ሞጁሎቹንም አስቀድሞ ማስጫን ተቻለ። የራሳችንን ፋንክሽን ማጠናቀር ብቻ ለየግንኙነቱ ይቀራል፤ እርሱም ጥቂት ነው። በዊንዶውስ ግን እያንዳንዱ ሂደት እንደገና ስለሚጭን ትርፍ የለውም። የማኅበሩ አሮጌ ኮምፒዩተር በሊኑክስ መሥራቱ በጀን።

ፒጂ ባውንሰርን በመካከል አስገብቶ ግንኙነቶቹን ሳይዘጉ ማቆየትም ይቻላል። ሆኖም አንዱ ተጠቃሚ በፐርል ማኅደር የተወው ነገር ለሚቀጥለው ሊደርስ ስለሚችል እኛ ለጊዜው አልደፈርንም።

አዲሱ ቅንብር የሚጸናው አገልጋዩ ተዘግቶ ሲነሣ ነውና ሰኞ ማታ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ እንሠራዋለን። «ይጣል» ያላችሁ ሰዓታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ጥሪ ለየብቻ እንለካለን።