ያውቁ ኖሯል? አራት እንቁላል ለምን ያጠራጥራል?

ጀማሪ ርግብ አርቢ ጎጆው ውስጥ 4 እንቁላል ቢያይ አይፍጠን። አንዲት ርግብ በአንድ ዙር የምትጥለው አብዛኛውን ጊዜ 2 ስለሆነ፣ «ባልና ሚስት» የተባሉት ሁለቱም ሴቶች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እንቁላሉም አይፈለፈልም።

የወንድና የሴት መልክ አይለይም። ወንዱ ግን አንገቱን ነፍቶ፣ እያጉረመረመ ሴቷን ይዞራታል። ጥንዶቹን መሃሉ በሽቦ በተከፈለ ሳጥን ለጥቂት ቀናት ጎን ለጎን ማላመድ ጠቡን ይቀንሳል።

2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አይጣል ነው፤ ጎጆው ከነፋስ ይከለል። እንቁላሉን 18 ቀን ያህል በየተራ ይታቀፉታል፦ ቀን በአመዛኙ ወንዱ፣ ሌሊት ሴቷ። ጫጩቶቹንም ሁለቱም ከጉሮሯቸው በሚያወጡት ወተት መሰል ምግብ ያሳድጋሉ፤ አዎ፣ አባትየውም ጭምር!

በአንኮበር ገደሎች የምትታየው ማጅራተ ነጭ የዱር ርግብ ሌላ ዝርያ ናት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አትገኝም።