ልቡና ይከፍታል የተባለው አብሾ

የኢትዮጵያዋን መተማ ዮሐንስንና የሱዳኗን ገላባትን የሚለያያቸው አንዲት ጅረትና አጭር ድልድይ ናቸው። ከድልድዩ ወዲህ የአብነት ተማሪ ዳዊቱን በቃሉ ያጠናል፤ ከወዲያ፣ እስከ ገዳሪፍ ባሉት ኸልዋ በሚባሉ የቁርኣን ትምህርት ቤቶች፣ ደረሳው ቁርኣኑን ሉሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ይሸመድዳል። ቀለሙ ከጥላሸትና ከሙጫ የተበጠበጠ ነው። የተጻፈው በቃል ሲያዝ ሰሌዳው ይታጠባል፤ እጣቢውንም ሱዳኖች ሚሓያ ብለው ለፈውስ ይጠጡታል። ሚሓያ የሚያሳብድ ነገር የለበትም። በእኛ በኩል የሚጠጣው አብሾ ግን እንደዚያ አይደለም።

አብሾ ትምህርት አልገባ ያለው ተማሪ ልቡናው እንዲከፈትለት የሚጠጣው የዕፅ መድኃኒት ነው። አዘገጃጀቱ እንደ አዋቂው ይለያያል፤ ስሙ አዘውትሮ የሚነሣው ዕፅ ግን አስተናግር ነው። አስተናግር በየአጥሩ ጥግና በየቆሻሻ መጣያው ይበቅላል። አበባው ጥሩምባ ይመስላል፤ እሾሃም ፍሬው ሲደርቅ አራት ቦታ ተሰንጥቆ ጥቃቅን ዘሩን ያፈሳል።

ዘሩ ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አሉ። ሁለቱም አንጎል ለማስታወስ የሚገለገልበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ያግዳሉ። ተመራማሪዎች የመርሳትን ነገር ሊያጠኑ ሲፈልጉ ለቤተ ሙከራ አይጥ የሚሰጡት ይህንኑ ስኮፖላሚን ነው፤ ለአልዛይመር ሕሙማን የሚታዘዘው ዶኔፔዚል ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ አሴቲልኮሊን እንዲበረክት ያደርጋል። አስተናግር የጠጣ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ የሌለ ነገር እያየ ይለፈልፋል፤ ሲነቃም የሆነውን አያስታውስም። ለትውስታ ብሎ የጠጣው ያቺኑ ትውስታ ይነጥቀዋል።

የትውስታ ምንጭ የሐኪሞችም ጥያቄ ነበር። ስፔናዊው ሐኪም ሁዋን ዋርቴ በ1575 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ትውስታ እርጥብ አንጎል ይሻል፣ ማስተዋል ደግሞ ደረቅ፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ አይሟሉም ብሎ ነበር። ደራሲው ሴርቫንቴስ በ1605 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዶን ኪኾቴ ታሪክም የቆመው በዚሁ ዓይነት እምነት ላይ ነው፤ ባለታሪኩ ሌት ተቀን ሲያነብ፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ አንጎሉ ደርቆ አበደ።

የዋርቴን ፍርድ የጎጃም ቅኔ ቤት ያፈርሰዋል። የቅኔ ተማሪ ግሡን በቃሉ ይዞ፣ በየዕለቱ ደግሞ ከዚያ በፊት ያልተባለ ቅኔ ቆጥሮ ለየኔታ ያሰማል። ትውስታና ማስተዋል በአንድ ራስ ላይ አብረው ይሠራሉ። ያንን ያመጣው ቅጸላ የሚባለው የቀን የቅኔ ማሰላሰል፣ የማታ የቃል ትምህርት፣ የመምህሩ እርማትና የዓመታት ልፋት ነው።

ታዲያ የአብሾ ዝና ለምን ጸና? የተሳካለትን «አብሾ ጠጥቶ ነው» ይሉታል፤ ያበደውን «አልቻለውም»። ከዓመታት በኋላ አረቄ ቀምሶ የሚረብሸውንም «አብሾው ተነሣበት» ይላሉ፤ ጥፋቱ የአረቄው ይሆናል። ዕፁን የሚጠይቀው የለም።