የባልሽ ቀጣሪ ማን ነው?

አሜሪካዊ ያገባ ሰው ግሪን ካርድ ይዞ ሦስት ዓመት ከኖረ፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 18 ወር በአካል አሜሪካ ከቆየ፣ ለዜግነት ማመልከት እንደሚችል ቢሮዬ የሚመጡ ባለትዳሮች አብዛኞቹ ያውቃሉ። ጭንቀቱ የሚጀምረው ሥራ ባልየውን ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ሲወስደው ነው። ሚስት ተለይታ ሜሪላንድ ዓመት ትቁጠር ወይስ ተከትላው ትሂድ? ከስድስት ወር በላይ መቅረት ጥያቄ ያስነሳል፤ ዓመት ከሞላ ደግሞ የነዋሪነት ቆጠራው ይቋረጣል።

በዚህ ምክንያት ልጆች እናት ጋ እና አባት ጋ የተከፋፈሉባቸውን ቤቶች አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝ አንዳንዶቹ መለያየት ያልነበረባቸው መሆኑ ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ አንቀጽ 319(ለ) ለእንዲህ ዓይነቶቹ ባለትዳሮች የዓመት ቆጠራውን ያነሳላቸዋል።

ይህ መብት በባልየው ቀጣሪ ስለሚወሰን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቀጣሪው ነው። የአሜሪካ መንግሥት፣ በውጭ ንግድ የተሰማራ የአሜሪካ ኩባንያ፣ እውቅና ያለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም፣ ወይም እንደ ተባበሩት መንግሥታት አሜሪካ በስምምነት አባል የሆነችበት ድርጅት ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው፤ የሃይማኖት አገልጋዮችም ይካተታሉ። አዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሚሠራ አሜሪካዊ ሚስቱን ይጠቅማታል። በአንድ የኢትዮጵያ የግል ኩባንያ የተቀጠረው ግን አይጠቅማትም። የውጭ ምደባውም ከአንድ ዓመት ማነስ የለበትም።

አንዲት ደንበኛዬ ያመጣችው የቀጣሪ ደብዳቤ «የድርጅታችን ሠራተኛ ናቸው» ከማለት አላለፈም። ባሏ የት አገር እንደተመደበ፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ፣ ድርጅቱ የት እንደተቋቋመ አይናገርም። ማመልከቻውን ሳንነካ ደብዳቤውን መልሰን አስጻፍነው። በእኔ እይታ የዚህ ጉዳይ ግማሹ እዚያ ወረቀት ላይ ነው፤ የዜግነት ቃለ መሐላው ሳይፈጸም ሥራው ከተቋረጠ ወይም ትዳሩ ከፈረሰ መብቱም አብሮ ይቀራል።

ቆጠራው ተነሣ ማለት ግን ሁሉም ነገር ቀረ ማለት አይደለም። ሚስትየው ለዜግነት ቃለ መጠይቁ ስትቀርብ ግሪን ካርድ ሊኖራት ይገባል፤ የእንግሊዝኛና የሲቪክስ ፈተናው አለ፤ ቃለ መጠይቁም መሐላውም አሜሪካ ውስጥ ነው። አሁን ከባሏ ጋር ውጭ ለመኖር፣ ሥራው ሲያበቃ ደግሞ ወዲያው አሜሪካ ተመልሳ ለመኖር እንዳሰበች ታረጋግጣለች። ይህን እንደ ተራ ፊርማ የሚያዩትን አጥብቄ እከራከራቸዋለሁ። ባልና ሚስቱ ከልባቸው ተነጋግረውበት መምጣት አለባቸው።

ሚስትየው ኢትዮጵያዊት ከሆነች ከዚያ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ጉዳይ ይነሳል። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ባሏን ተከትላ አዲስ አበባ የምትኖር ሴት እናቷ ሰፈር በውጭ ዜጋነት ልትመለስ ነው። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባታል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራታል፤ የመምረጥና የመመረጥ መብት ግን አይሰጣትም። አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ ለቤተሰብ እናማክር ብለው ይሄዳሉ። አላስቸኩላቸውም፤ የውሉን ማብቂያ ቀን ብቻ ፋይላቸው ላይ አሰፍራለሁ።