በስልክ ስለሚጠየቅ የሐሰት ዕዳ

በአዋሽ ገበያ ፍየል የሸጠ አርብቶ አደር፥ በሰመራም ሱቅ ያለው ነጋዴ፥ ዛሬ ገንዘቡን በስልኩ ያኖራል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ «መላ» የሚባለው ብድር ተጨመረበት። ስለዚህ «ዕዳ አለብህ፤ አሁን ካልከፈልህ ትከሰሳለህ» ብሎ የሚደውል አታላይ አይታጣም።

ምልክቱ ይህ ነው፤ ያስቸኩላል፥ ያስፈራራል፥ ገንዘቡን በማይታወቅ ሰው ስም ላክ ይላል፥ የምሥጢር ቁጥርም ይጠይቃል። እውነተኛ አበዳሪ ግን የምሥጢር ቁጥር አይጠይቅም።

እንግዴህ ተማሪ ሆይ፥ ለወላጆችህ እንዲህ ብለህ ንገራቸው፤ ስልኩን ዝጉ፥ ራሳችሁም በ127 ደውላችሁ ጠይቁ። እውነተኛ ዕዳ ማስረጃ አለውና፥ እስኪጣራ ቢቈዩ አይጐዳም። ገንዘቡ ተልኮ እንደ ሆነ ግን፥ ሳይውል ሳያድር ለቴሌብርና ለፖሊስ ይነገር። መታለል አያሳፍርም፤ ዝም ማለት ግን ጎረቤትንም ያስዘርፋል።