ዕውቀትና ገንዘብ የተሻረኩበት መንገድ፤ በ1957 ስለ ተቋቋሙ ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች

አንድ አዲስ ብልሃት ያገኘ ሰው ብልሃቱን ወደ ፋብሪካ ለማድረስ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ገንዘቡን ከወዴት ላግኝ የሚል ነው። ወደ ባንክ እንዳይሄድ፥ ባንክ የሚያበድረው ቤት ወይም ሌላ ዋስትና ለሚያስይዝ ሰው ነው። ከዘመድ እንዳይበደር፥ ላቦራቶሪ የሚያቆም ገንዘብ ያለው ዘመድ ከብዙ አንድ ሰው ቢያገኝ ነው። ሐሳቡን ለትልቅ ኩባንያ ቢሸጥ ደግሞ ብልሃቱ የኩባንያው ይሆንና እርሱ ደመወዝተኛ ሆኖ ይቀራል። ይህ ችግር ከኮሌጅ ለሚወጣ ወጣት ሁሉ እንግዳ ስላልሆነ፥ ሌሎች እንዴት አድርገው እንደ ፈቱት መመርመር ይጠቅማል ብለን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ለምርመራችን የመረጥናቸው በ1957 በአሜሪካ የተቋቋሙ ሁለት ኩባንያዎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው በምሥራቅ በኩል በማሳቹሴትስ የተተከለው ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ሲሆን፥ ሁለተኛው በምዕራብ በኩል በካሊፎርኒያ የተተከለው ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተር ነው። ዛሬ ሁለቱም ራሳቸውን ችለው የቆሙ ኩባንያዎች አይደሉም፤ ነገር ግን በዛሬው ዓለም ለጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ገንዘብ የሚሰጥበት ልማድ ብዙው ከእነዚህ ሁለት ቤቶች ታሪክ የተቀዳ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአሜሪካ እንዲህ ላለው ሥራ ገንዘብ የሚሰጡት እንደ ሮክፌለርና እንደ ዊትኒ ያሉ የባለጸጋ ቤተሰቦች ነበሩ። ባለጸጋውን የማያውቅ ሰው በሩን ማንኳኳት አይችልም ነበር። በ1946 ግን በቦስቶን ከተማ አሜሪካን ሪሰርች ኤንድ ዴቨሎፕመንት የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ መካከል የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሬዚዳንት ካርል ኮምፕተን፥ በኋላ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የሆኑት ራልፍ ፍላንደርስ፥ እንዲሁም ጄኔራል ጆርጅ ዶሪዮ ይገኙ ነበር። ጄኔራል ዶሪዮ በ1899 በፓሪስ ተወልደው በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ያስተማሩ፥ በጦርነቱም ጊዜ በአሜሪካ ጦር የስንቅና ትጥቅ ክፍል አገልግለው እስከ ብርጋዴር ጄኔራልነት የደረሱ ሰው ናቸው።

የማኅበሩ ሐሳብ አክሲዮን ሸጦ ከብዙ ሰዎችና ከድርጅቶች ገንዘብ መሰብሰብ፥ የተሰበሰበውንም ለብዙ ጀማሪ ኩባንያዎች ማከፋፈል ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ አንዱ ጀማሪ ቢወድቅ ኪሳራው ለብዙዎች ተከፋፍሎ ይቀላል፤ ለአንዱ ቢቃናለት ግን ትርፉ የወደቁትን ሁሉ ይሸፍናል። እቁብ የለመደ አንባቢ ነገሩ የሚመስለው ይመስለው ይሆናል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው፤ በእቁብ ገንዘቡ ተዟዙሮ ለባለቤቱ መድረሱ የታወቀ ሲሆን፥ በዚህኛው ግን የሚበዛው ገንዘብ ጭራሽ ላይመለስ እንደሚችል ከመነሻው ታውቆ የሚገባበት ነው።

ጄኔራል ዶሪዮ ሰውን ከሐሳብ ያስቀድሙ ነበር። መካከለኛ ሐሳብ ይዞ የመጣ ብርቱ ሰው፥ ድንቅ ሐሳብ ይዞ ከመጣ ደካማ ሰው ይሻላል ባይ ናቸው። ምክንያቱም ብርቱው ሰው የሐሳቡን ጉድለት በሥራ ላይ ያርመዋል።

በ1957 ኬን ኦልሰንና ሃርላን አንደርሰን የሚባሉ ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሊንከን ላቦራቶሪ ወጥተው ወደዚህ ማኅበር መጡ። ሐሳባቸው አንድ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያዘውን አነስተኛ ኮምፒዩተር መሥራት ነበር። ሚስተር ኦልሰን በኋላ ሲያወሩ፥ ከማኅበሩ ሰዎች የተሰጣቸው ምክር በሰነዳቸው ውስጥ ኮምፒዩተር የሚለውን ቃል እንዳያነሡ ነበር ብለዋል፤ በዚያን ጊዜ በኮምፒዩተር ያተረፈ ሰው ጥቂት ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ነው። ደግሞም አምስት በመቶ ትርፍ እናገኛለን ብሎ ገንዘብ መለመን አያዋጣም፥ ከፍ አድርጉት ተባሉ።

ማኅበሩ 70 ሺህ ዶላር ሰጥቶ ከአዲሱ ኩባንያ አክሲዮን ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጠውን ወሰደ። ሁለቱ መሐንዲሶች በሜይናርድ ከተማ በአንድ አሮጌ የሱፍ ፋብሪካ ውስጥ ጥቂት ክፍል ተከራይተው ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ ያወጡት ዕቃ ላቦራቶሪዎች ለሙከራ የሚገለገሉባቸውን የኤሌክትሮኒክ ክፍሎች ነበር። በእነዚህ ሽያጭ በመጀመሪያው ዓመት አተረፉ። ፒዲፒ አንድ የተባለውን ኮምፒዩተር ለሕዝብ ያሳዩት በ1959 መጨረሻ ነው፤ በ1965 ደግሞ ፒዲፒ ስምንት የተባለውን በ18 ሺህ ዶላር መሸጥ ጀመሩ። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ማሽኖች ዋጋቸው በመቶ ሺሆችና በሚሊዮን የሚቆጠር ስለ ነበር፥ ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር የመግዛት ተስፋ ያልነበራቸው ላቦራቶሪዎችና ፋብሪካዎች ሁሉ ገበያተኞች ሆኑ። ኩባንያው በ1966 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ ከምሥረታው 15 ዓመት ሳይሞላም የማኅበሩ ድርሻ ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገመተ። እዚህ ላይ የምናስተውለው ነገር፥ ሰዎቹ ትልቁን ሐሳብ ሳይተዉ ለጊዜው እንጀራ የሚያበላቸውን ትንሽ ዕቃ ማስቀደማቸውን ነው።

ወደ ካሊፎርኒያ ስንሻገር ነገሩ በጠብ ይጀምራል። በ1947 በቤል ላቦራቶሪዎች ትራንዚስተር ከተገኘ በኋላ፥ ለዚህ ሥራ በ1956 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሊቃውንት አንዱ ዶክተር ዊልያም ሾክሌይ ነበሩ። እርሳቸውም ማውንቴን ቪው በሚባለው ሥፍራ የራሳቸውን ላቦራቶሪ ከፍተው ከየአገሩ የተመረጡ ወጣት ሊቃውንትን ሰበሰቡ። የሰው ዕውቀት በመለየት የሚወዳደራቸው አልነበረም። ሰውን በማስተዳደር ግን እጅግ ደካማ ነበሩ። በላቦራቶሪው አንዲት ጸሐፊ ጣቷን ብትቆስል ተንኰል ነው ብለው ሠራተኞቹ በውሸት መለያ መሣሪያ እንዲመረመሩ እስከ መጠየቅ ደረሱ። ከዚህም በላይ ወጣቶቹ ገበያ አለው ብለው ያመኑበትን የሲሊኮን ትራንዚስተር ወደ ጎን ትተው ራሳቸው በወደዱት ሌላ መሣሪያ ላይ አተኮሩ።

በ1957 ስምንት ሰዎች ጥለዋቸው ወጡ፤ እነርሱም ሮበርት ኖይስ፥ ጎርደን ሙር፥ ዣን ኸርኒ፥ ዩጂን ክላይነር፥ ጄይ ላስት፥ ጁሊየስ ብላንክ፥ ቪክተር ግሪኒችና ሼልደን ሮበርትስ ናቸው። በታሪክ «ስምንቱ ከዳተኞች» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። የሚገርመው ግን ሲነሡ ኩባንያ የማቋቋም ሐሳብ ጨርሶ አልነበራቸውም። ክላይነር በኒው ዮርክ ለሚገኝ ሄይደን ስቶን ለተባለ የአክሲዮን ደላላ ቤት ደብዳቤ የጻፉት ስምንቱን ሳይበትን በአንድነት የሚቀጥር አሠሪ እንዲፈለግላቸው ነበር። ደብዳቤውን ያነበቡት ወጣቱ ሚስተር አርተር ሮክ ከአለቃቸው ጋር ወደ ሳን ፍራንሲስኮ መጥተው፥ አሠሪ ከመፈለግ ይልቅ ለምን የራሳችሁን ኩባንያ አታቋቁሙም አሏቸው። ወረቀት የተዘጋጀ ውል ስላልነበረ አሥሩም ሰዎች በአንድ ዶላር ኖቶች ላይ ፈረሙ።

ሚስተር ሮክ ከዚያ በኋላ ከ30 የማያንሱ ኩባንያዎችን ጠየቁ፤ ሁሉም እንቢ አሉ። አንዳንዶቹ ሐሳቡን ሳይጠሉት፥ የእኛ ነባር መሐንዲሶች ቅር ይላቸዋል በማለት ነው የተዉት። በመጨረሻ እሺ ያሉት የአየር ካሜራ ሠሪው ሸርማን ፌርቻይልድ ናቸው። ውሉ እንዲህ ነበር። ስምንቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አውጥተው እያንዳንዳቸው 100 አክሲዮን ያዙ፤ የፌርቻይልድ ኩባንያ 1.38 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በምላሹም ሥራው ከቀና ኩባንያውን በጠቅላላው በ3 ሚሊዮን ዶላር የመግዛት መብት አገኘ።

ሥራው ቀና። የመጀመሪያው ትእዛዝ ከአይቢኤም የመጣ ሲሆን አንዱ በ150 ዶላር የሚሸጥ 100 ትራንዚስተር ነበር። የሸርማን ፌርቻይልድ አባት ከአይቢኤም መሪዎች አንዱ ስለ ነበሩና ልጃቸውም የኩባንያው ትልቅ ባለ አክሲዮን ስለ ሆኑ፥ ይህ ትውውቅ ሳይረዳ አልቀረም ብለን እንገምታለን። በ1959 ዶክተር ኸርኒ የሲሊኮኑን ገጽ በኦክሳይድ ሸፍኖ ትራንዚስተር የመሥራትን ዘዴ አወጡ፤ በዚሁ ዓመት ዶክተር ኖይስ በዚህ ዘዴ ተመሥርተው ብዙ ክፍሎችን በአንድ ሲሊኮን ላይ የሚያያይዙበትን መንገድ አገኙ። (የቴክሳስ ኢንስትሩመንትሱ ጃክ ኪልቢ በ1958 በሌላ መንገድ ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ ደርሰው ነበር።)

ባለ ገንዘቦች ይህን ታሪክ ሲተርኩ ብዙ ጊዜ የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ያ የመጀመሪያው የአይቢኤም ትእዛዝ ለጦር አውሮፕላን ኮምፒዩተር የሚሆን ነበር፤ ወደ ጨረቃ በተጓዘው አፖሎ ኮምፒዩተር ውስጥ የገቡትም የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የፌርቻይልድ ነበሩ። ዕቃው ገና ውድ ሳለ ዋጋውን ሳይከራከር የገዛው የአሜሪካ መንግሥት ነው። የግል ገንዘብ ድፍረት ብቻውን ይህን ሁሉ ሠራ የሚለውን አባባል እኛ አንቀበለውም።

ወደ ውሉ እንመለስ። በ1959 ዋናው የፌርቻይልድ ኩባንያ በመብቱ ተጠቅሞ አክሲዮኑን ገዛ፤ ስምንቱም ሰዎች ለ500 ዶላራቸው ከ200 ሺህ ዶላር የሚበልጥ ዋጋ አገኙ። ለጊዜው ሁሉም የተደሰተ ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መሥራቾቹ ተመልሰው ተቀጣሪዎች ሆኑ፤ ትርፉም ወደ ኒው ዮርክ ይሄድ ጀመር። በምሥራቅ ያሉት አለቆች ለመሐንዲሶች አክሲዮን በሰፊው ለመስጠት አልፈቀዱም። ኸርኒ፥ ላስትና ሮበርትስ በ1961 ወጡ። ቻርልስ ስፖርክ በ1967 ሄዱ። ኖይስና ሙር በ1968 ተከተሉ። ገንዘብ ሰጪው ሁሉን ጠቅልሎ ሲወስድ ሁሉን ያጣል ማለት ነው፤ የገዛው ሕንፃውንና መሣሪያውን ነበርና።

በማሳቹሴትስ ተመሳሳይ ነገር በሌላ መልክ ደረሰ። የዶሪዮ ማኅበር በሕዝብ አክሲዮን የተቋቋመ በመሆኑ፥ የአሜሪካ ሕግ ሠራተኞቹ ከሚረዷቸው ኩባንያዎች አክሲዮን እንዳይካፈሉ ያግዳቸው ነበር። ሌሎችን ባለጸጋ አድርገው እነርሱ በደመወዝ ቀሩ። በ1965 ዊልያም ኤልፈርስ ወጥተው ግሬይሎክ የሚባል የራሳቸውን ቤት አቆሙ። የዶሪዮ ማኅበር በ1972 ከቴክስትሮን ኩባንያ ጋር ተቀላቀለ። አርተር ሮክ በበኩላቸው በ1961 ከቶማስ ዴቪስ ጋር ሆነው የሽርክና ማኅበር አቋቁመው ነበር። በዚህ ዓይነቱ ሽርክና ገንዘብ አውጪዎቹ በሥራው እጃቸውን አያስገቡም፤ ሥራውን የሚመሩት ደግሞ ከትርፉ የታወቀ ድርሻ ያገኛሉ፤ የሽርክናውም ዕድሜ በዓመት የተወሰነ ነው። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ይህ ነው።

ታዲያ ስምንቱን ሰዎችና ተከታዮቻቸውን ማን ከለከላቸው? ማንም። በካሊፎርኒያ ከ1872 ጀምሮ በጸና ሕግ፥ ሠራተኛ ከወጣ በኋላ በሙያው እንዳይሠራ የሚያግድ ውል ፈራሽ ነው። በማሳቹሴትስ ግን ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ያጸኑ ነበር፤ በ1918 ሳይሆን ገና በ2018 ነው በአዲስ ሕግ የተወሰነው። አናሊ ሳክሰኒያን በ1994 ባወጡት መጽሐፍ ሁለቱን አገሮች አወዳድረው የካሊፎርኒያውን ብልጫ ለሰዎቹ አኗኗርና ግንኙነት ሰጡ፤ የሕግ ሊቁ ሮናልድ ጊልሰን በ1999 ደግሞ ሕጉን አጐሉ። እኛን የሚያሳምነን ሁለቱን በአንድነት ማየት ነው፤ መውጣት የሚፈቅድ ሕግ ቢኖርም የወጣውን ሰው የሚቀበል ገንዘብ ከሌለ ሕጉ ብቻውን ፋብሪካ አያቆምም።

ኖይስና ሙር ከፌርቻይልድ ሲወጡ ወደ አርተር ሮክ ስልክ ደወሉ። ሚስተር ሮክ እጅግ አጭር በሆነ ጽሑፍ ብቻ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰቡላቸው፤ ኢንቴልም በ1968 ተቋቋመ። አዲሱ ኩባንያ ለመሐንዲሶቹ ሁሉና ለአብዛኞቹ የቢሮ ሠራተኞች አክሲዮን የመግዛት መብት ሰጠ። የፌርቻይልድ ትምህርት በውሉ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ኩባንያ ከጸና በኋላ የሚመጣው ፈተና ግን የገንዘብ አይደለም። ኢንቴል የቆመው በመረጃ ማስቀመጫ ቺፕ ሲሆን፥ በ1971 ያወጣው ማይክሮፕሮሰሰር እንደ ጎን ሥራ የተጀመረ፥ ለአንድ የጃፓን የሒሳብ ማሽን ሠሪ የተሠራ ነበር። በ1980ዎቹ የጃፓን ኩባንያዎች የማስቀመጫውን ገበያ በጥራትና በዋጋ ወሰዱበት። በ1985 አንድሩ ግሮቭ ጎርደን ሙርን፥ እኛ ተባርረን አዲስ ሹም ቢመጣ ምን ያደርጋል ብለው ጠየቋቸው። ከማስቀመጫው ሥራ ያወጣናል ሲሉ ሙር መለሱ። እንግዲያው እኛው ራሳችን በበሩ ወጥተን ተመልሰን ገብተን ለምን አናደርገውም አሉ ግሮቭ። የተመሠረቱበትን ሥራ ተዉ። በ1986 ከሰሩ፤ ብዙ ሺህ ሠራተኛም ተቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ማይክሮፕሮሰሰሩ ከዓለም ታላላቅ ኩባንያዎች ተርታ አሰለፋቸው።

የሜይናርዱ ቤት ዕድል ከዚህ ይለያል። ዲጂታል ከአይቢኤም ቀጥሎ ሁለተኛው የኮምፒዩተር ሠሪ እስከ መሆን ደርሶ ከመቶ ሺህ በላይ ሠራተኛ አስተዳደረ። በ1981 አይቢኤም በየሰው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ትንሽ ኮምፒዩተር ሲያወጣ ዲጂታልም በ1982 የራሱን ይዞ ቀረበ፤ ዳሩ ግን ልቡ ትርፍ በሚያገባለት በትልቁ ማሽን ላይ ስለ ነበር ገበያውን አልያዘም። በወጣትነቱ ከትልልቆቹ የነጠቀውን ገበያ በተመሳሳይ መንገድ ከእርሱ ያነሱት ነጠቁት። ኬን ኦልሰን በ1992 ከመሪነት ወረዱ። በ1998 ኩባንያው ኮምፓክ ለተባለ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ሠሪ በ9.6 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ኮምፓክም ራሱ በ2002 ወደ ሒውሌት ፓካርድ ገባ።