ጣት፣ ዕቃቃና አይሱዙ

ዛሪማ ላይ ደጃፍ የቆመ የሁለት ዓመት ልጅ አስቡልኝ። ከሊማሊሞ የወረደ አይሱዙ እያጓራ ሲመጣ ጣቱን ቀስሮ «እ! እ!» ይላል። ወዲያው ዞር ብሎ የእናቱን ፊት ያያል። መኪናው እኮ ገና አላለፈም! «አየሽልኝ?» ማለቱ ነው። የኦቲዝም ምርመራ አንዱ ትልቅ ቁም ነገር ይህቺ ዞር ማለት ናት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

እኔ መጀመሪያ ስሰማ አላመንኩም። የደም ምርመራ ወይም ጭንቅላት የሚያነሣ ማሽን ይኖራል ብዬ ነበር። የለም። ባለሙያው ልጁን እያጫወተ ያስተውላል፤ ወላጁን ደግሞ ይጠይቃል። ስሙ ሲጠራ ይዞራል? ውሃ ሲፈልግ ይጠቁማል ወይስ የሰው እጅ ይዞ ይጎትታል? ዕቃቃ ይጫወታል? ዕቃቃ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ቅጠሉን እንጀራ፣ ጭቃውን ወጥ ማድረግ አንዱን ነገር ሌላ አድርጎ ማሰብ ነው። ጠጠር በመስመር ሲደረድር የሚውል፣ ከበሮ ሲመታ ጆሮውን ደፍኖ የሚጮኽ፣ የለመደው መንገድ ሲቀየርበት የሚንፈራፈር ልጅም አለ። አንዱ ምልክት ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ ባለሙያው የሚፈልገው ድምሩን ነው።

እናም ይህን ድምር ከማንም በላይ ያየው ወላጅ ነው። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች የጻፈው ጽሑፍ ነው ኦቲዝምን ለዓለም ያስተዋወቀው። የመጀመሪያው ልጅ አባት ለሐኪሙ የላኩት ደብዳቤ ስንት ገጽ ነበር? 33! ከዚያ ወዲህ ግን ለወላጆች የተከፈለው ውለታ የሚያሳፍር ነው፤ «ልጆቹን እንዲህ ያደረጋቸው የእናቶቻቸው ፍቅር መንፈግ ነው» ተብሎ ለዓመታት ተወራ። ሐሰት ነበር።

በእኛም አገር ጣት የሚቀሰረው ወደ ቤተሰቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ አዲስ አበባ ውስጥ የልጆች አእምሮ ሕክምና ክሊኒክ የመጡ 102 አሳዳጊዎች ስለ ልጆቻቸው የዕድገት ችግር ተጠይቀው ነበር። ከአሥሩ አራቱ ያህል መንፈስን፣ ከሩብ የሚበልጡት ደግሞ ኃጢአትን በምክንያትነት አንሥተዋል። ብዙዎቹ ይህን ከወሊድ ችግር ወይም ከጭንቅላት ጉዳት ጋር አዳብለው ነው የሚያስረዱት። ጠበል ለሚወስዱ እናቶች ክፉ ቃል የለኝም፤ ጠበሉም ይጠመቅ፣ ምርመራውም ይደረግ። ልጅን ማሰርና ጓዳ መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

እሺ፣ የዛሪማዋ እናት ትነሣ። መጀመሪያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ሆስፒታል፣ በዳባት በኩል አልፎ ጎንደር። መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ማለቴ ነው። ይህን ሁሉ ተጉዛ ሐኪሙ ፊት የምትቀመጠው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ባዶ እጇን አትሂድ። ልጅ እንግዳ ክፍል ሲገባ ሌላ ልጅ ይሆናል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ሲጫወት፣ ሲጠሩት፣ ሲበላ በስልክ ቀርጻ ትያዝ። መቼ ዳኸ፣ መቼ ቃል አወጣ፣ የነበረው ቃል ጠፋ ወይ የሚለውን ታስጽፍ። የክትባት ካርዱም አይረሳ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቃ ትጠይቅ፦ ጆሮው ተመርምሯል? የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት አይዞርም፣ አይናገርም። «ሳጨበጭብ ዞሯል» ማለት አያስተማምንም፤ የእጅሽን ጥላ አይቶ ይሆናላ! ሌሎችም መታየት ያለባቸው አሉ፦ እንቅርት በሚበዛበት አካባቢ የአዮዲን እጥረት የሚያመጣው የአእምሮ ዕድገት ችግር አለ። የሚጥል በሽታም ብዙ ጊዜ ከኦቲዝም ጋር አብሮ ይገኛል፤ እሱ ደግሞ መድኃኒት አለው።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው መጠይቆችም ከሌላ አገር የመጡ መሆናቸውን አትርሱ። ኤም-ቻት የሚባለው ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የተዘጋጀ ሲሆን 20 ጥያቄዎች አሉት፤ ማጣሪያ እንጂ ፍርድ አይደለም። «ዓይን ለዓይን ያያል ወይ?» ሲባል፣ ትልቅ ሰው ፊት አንገቱን የሚደፋ ልጅ ጨዋ በሚባልበት አገር መልሱ ይወሳሰባል። ከእናቱ ጋርስ ሲሆን? ጥያቄው እንዲህ ቢቀርብ ይሻላል።

ከምርመራው በኋላስ ልጁ የት ይሄዳል? አዲስ አበባ ላይ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ሐኪም አልነበሩም። የውበት ሙያ የሚያስተምሩ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። ያ የአዲስ አበባ ጥናት አሳዳጊዎቹን «ምን ጎደላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅም፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ያስቀደሙት ልጃቸው የሚማርበትን ቦታ ነው። ሕክምና የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ሰሜኑ ቀረብ ስንል ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ማስተማር ጀምሯል፤ ልጅ መልበስን፣ መብላትን፣ መጫወትን እንዲለምድ የሚያግዝ ሙያ ነው።

እኔን በጣም ያስደሰተኝን ለመጨረሻ አስቀመጥኩት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው፤ ስፔሻሊስት ሐኪም ሳይሆን የሠለጠነ ሰው ይሰጠዋል፤ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ የኦቲዝም ምርመራ ወረቀት አይጠይቅም! ትምህርቱ ከቤት ውሎ ነው የሚቀዳው። ቡና ሲፈላ ስኳርና ዳቦ አንሥታችሁ ልጁን «የቱን?» በሉትና ዝም በሉ። አስቸጋሪው ይህ ዝምታ ነው፤ አያት ካለች «ምነው ልጁን አስራባችሁት!» ማለቷ አይቀርም። ቁጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… እጃችሁን ይጎትት ይሆናል፤ ዳቦውን በዓይኑ ይነካው ይሆናል። ያም መልስ ነው፤ ዳቦውን ስጡት።