የደመራ ምሽት ወንበር ስንት ያወጣል?

«በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ» የሚለው የአበው ተረት በምግብ ቤት ንግድ ውስጥ እንደ ሕግ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ወጡ ያው ወጥ፣ ጥብሱም ያው ጥብስ ሆኖ ሳለ፣ ጠረጴዛው ከመስኮት አጠገብ፣ መስኮቱም ደመራ ወደሚለኮስበት ወይም ርችት ወደሚተኮስበት አቅጣጫ የሆነ እንደሆነ የአንድ ምሽት ሂሳብ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ለምግቡ የከፈለ መስሎት ይሄዳል፤ ትልቁን ድርሻ የከፈለው ግን ለእይታው ነው።

በምጣኔ ሀብት ትምህርት ይህ ተጨማሪ ዋጋ የቦታ ኪራይ ይባላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ወደ አደባባይ ፊታቸውን ያዞሩ ወንበሮች ቁጥራቸው የተወሰነ ሲሆን፣ በአንድ ሌሊት ተሠርተው የሚጨመሩ አይደሉም። ፈላጊው ደግሞ በአንድ ቀን፣ ያውም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጎርፋል። አቅርቦት ባለበት ቆሞ ፍላጎት ሲያሻቅብ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ለነጋዴ አይነገረውም። በመሆኑም እንግዳ ለመጋበዝ ወንበር የሚይዝም ሆነ «እይታ ያለው ቦታ አለ» ተብሎ በደላላ የሚጠራ ባለሀብት አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ምግቡ ስንት ነው? እይታውስ ስንት ነው? የሚለው ነው።

የኦርላንዶው ልምድ

ርችትንና እራትን አጣምሮ መሸጥን እንደ ሙያ የያዙት በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ አጠገብ ያሉት የዲዝኒ ፓርኮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው ማጂክ ኪንግደም የተሰኘው መናፈሻ በምሽት በሚያሳየው ርችት የታወቀ ሲሆን፣ በቅርብ ርቀት ባለው ኮንቴምፖራሪ ሆቴል 15ኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ካሊፎርኒያ ግሪል የተባለ ምግብ ቤት ይገኛል። ርችቱ ሲጀመር የምግብ ቤቱ መብራት ይቀንሳል፤ የትርኢቱም ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል።

ለእኛ ነጋዴ የሚጠቅመው ግን ሌላው አሠራር ነው። ቀደም ብሎ የበላ ደንበኛ በዚያው ምሽት ደረሰኙን አሳይቶ ርችቱ ሲደርስ ወደ ሰገነቱ የሚመለስበት ልማድ አለ። ይህ ማለት ምግብ ቤቱ እራትን በአንድ ሰዓት፣ እይታን በሌላ ሰዓት ለያይቶ ይሸጣል ማለት ነው። አንድ ጠረጴዛ በአንድ ምሽት ሁለትና ሦስት ጊዜ ደንበኛ ያስተናግዳል፤ እይታውን ሳያገኝ ቀረሁ ብሎ የሚያማርርም ይቀንሳል።

ከዚያው የሚገኘው ሌላ ትምህርት የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። የማጂክ ኪንግደም ርችት የተነደፈው ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ካለው ዋና ጎዳና ለሚያይ ሰው ነው። ከጎን የተቀመጠ ሰው በጣም ቢቀርብም እንኳ ርችቱ ከቤተ መንግሥቱ ጋር አይገጥምለትም። መብረቅና ዝናብ ሲመጣም ትርኢቱ ሊሰረዝ ይችላል፤ የበሉት እራት ግን ይከፈላል።

ርችት ወደ ላይ፣ ደመራ ከመሬት

በሀገራችን በየምሽቱ ርችት የሚተኮስበት የመዝናኛ ፓርክ የለም። በበዓላት ዋዜማም ፖሊስ ርችት መተኮስን የሚከለክል ማሳሰቢያ ሲያወጣ በተደጋጋሚ ታይቷል። ስለዚህ ርችትን ብቻ ተማምኖ ቀብድ መክፈል አያዋጣም። ቀኑ የማይዛነፈው፣ ሕዝቡም የማይቀርበት የእሳት ምሽት መስከረም 16 በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የሚከበረው ደመራ ነው። በዓሉ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ የውጭ ጎብኚም ይበልጥ ያውቀዋል፤ አደባባዩም እንደገና ተሠርቶ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል።

ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት እይታ አይደሉም። ርችት ወደ ሰማይ ይወጣል። ሰማዩ እስካልተጋረደ ድረስ ከሩቅም ይታያል፤ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ ሰው ብዙ አይቀርበትም። የሚቀርበት ድምፁ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ፍንዳታውን የሚሰማው ብርሃኑን ካየ ከ9 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው።

ደመራ በአንጻሩ ከመሬት አይነሣም። አንድ ድንኳን፣ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ አንድ ዛፍ ሊጋርደው ይችላል። ከዚህም በላይ ሰው ሊያይ የሚሄደው ነበልባሉን ብቻ አይደለም። የሰንበት ትምህርት ቤቶች ሰልፍ፣ የካህናቱ ዝማሬ፣ የፓትርያርኩ ቡራኬ፣ በመጨረሻም የደመራው ምሰሶ በየት በኩል እንደሚወድቅ መጠበቁ ሁሉ የበዓሉ አካል ነው። ስለዚህ ለርችት የተከፈተ ሰማይ ሲበቃ፣ ለደመራ ግን ከፍታና ፊት ለፊት ያለ አቅጣጫ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። «አደባባዩ አጠገብ ነን» የሚል ሁሉ እይታ አለው ማለት አይደለም።

ከቀብድ በፊት የሚጠየቁ

ወንበር ለመያዝ ያሰበ ሰው ምሽቱ ከመድረሱ ከሁለት ሳምንት በፊት ቦታው ድረስ ሄዶ በዚያችው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢያይ ይመረጣል። ቆሞ የሚታይ ነገር ተቀምጦ ላይታይ ይችላልና። ከዚያም የሚከተሉትን መጠየቅ ይገባዋል።

አንደኛ፣ ሰገነቱ በዚያ ቀን ክፍት ነው ወይ? መስከረም 16 ቀን ወደ አደባባዩ የሚወስዱ መንገዶች ለተሽከርካሪ ይዘጋሉ፤ ፍተሻም ይኖራል። መኪና የት ይቆማል? እንግዳው በስንት ሰዓት መድረስ አለበት? ሕዝቡ እስኪበተን ድረስስ ምግብ ቤቱ ያስቀምጣል ወይስ ያስወጣል?

ሁለተኛ፣ የተያዘው ቤቱ ነው ወይስ ወንበሩ? «ቦታ ይዘንልዎታል» የሚለው ቃል ጀርባውን ለአደባባዩ የሰጠ ጠረጴዛ ሊሆን ይችላል። የጠረጴዛው ቁጥር በቀብዱ ደረሰኝ ላይ ይጻፍ። የተጠየቀው ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስንና የአገልግሎት ክፍያን የሚያካትት መሆኑም በዚያው ይገለጽ።

ሦስተኛ፣ ወጥ ቤቱ ሙሉ ነው ወይ? የመስቀል ሰሞን ከጉራጌ የመጡ በርካታ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ወደ ሀገር ቤት የሚሄዱበት መሆኑ የታወቀ ነው። የደንበኛው ቁጥር በሚበዛበት ምሽት የአስተናጋጁ ቁጥር ሊያንስ ይችላል። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ደግሞ የጾም ምግብ የግድ ነው። በ2018 ዓ.ም. መስከረም 16 ዓርብ ነበር፤ እንዲህ ባለ ዓመት በክትፎ ብቻ የተዘጋጀ ቤት እንግዳ ያስፍራል።

አራተኛ፣ ዝናብ ቢመጣስ? መስከረም አጋማሽ ክረምቱ ሙሉ በሙሉ የማይወጣበት ጊዜ ነው። ጣሪያ የሌለው ሰገነት የዝናብ መጠለያው የት እንደሆነ ሊናገር ይገባል።

እነዚህን ሁሉ ያሟላ ካልተገኘ የሰፈር ደመራ አለ። በየሠፈሩ በሚለኮሰው ደመራ አጠገብ ያለች አንዲት በረንዳ የእይታ ኪራይ ሳታስከፍል ከእሳቱ ሙቀት ታደርሳለች። ለቤተሰብ ይህ ሳይሻል አይቀርም።

ርካሽ መቀመጫ ያስከፈለው ዋጋ

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ግን ወለሉ ነው። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎንደር፣ በአፄ ፋሲለደስ መዋኛ የጥምቀት በዓል ሲከበር ለተመልካች ተብሎ ከእንጨት የተሠራ መደርደሪያ መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ቆስለዋል። ጥምቀት በዩኔስኮ የተመዘገበው በዚያው ዓመት ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነበር።

ይህ አደጋ ለገበያው የሚናገረው አለ። የእይታ ፍላጎት በድንገት ሲያድግ አቅርቦቱን በችኮላ ለመሙላት መሞከር ሰው ይገድላል። ለ20 ሰው የተሠራ በረንዳ ለአንድ ምሽት 60 ሰው ሲጫንበት ትርፉ የባለቤቱ፣ አደጋው የደንበኛው ይሆናል። የአጥሩን ቁመት፣ የደረጃውን ስፋት፣ ሁለተኛ መውጫ መኖሩን መመልከት ጠርጣራ አያሰኝም። ሰገነቱ ስንት ሰው እንደሚይዝ ተጠይቆ ቁጥር መናገር ያልቻለ ባለቤት ቀብድ ሊቀበል አይገባውም።

ባለሀብቱስ?

አሁን ወደ ገንቢው እንምጣ። ለምሳሌ ያህል አንድ ምግብ ቤት 40 ወንበር ያለው ሰገነት አለው እንበል። ዘወትር 600 ብር የሚሸጠውን እራት በደመራ ምሽት 1,500 ብር ቢለው የእይታው ኪራይ በወንበር 900 ብር ነው። በ40 ሲባዛ 36,000 ብር ይሆናል። ይህ ለአንድ ምሽት ጥሩ ገንዘብ ነው። በ365 ቀናት ሲካፈል ግን በቀን 100 ብር እንኳ አይሞላም። በዚህ ሂሳብ የአደባባይ ዳር ቦታ በውድ መግዛት ኪሳራን በእጅ መጥራት ነው።

በአንጻሩ በየቀኑ የሚታይ እይታ ያለው ቤት ከ20 ደንበኞች በነፍስ ወከፍ 20 ብር ብቻ ቢጨምር፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 120,000 ብር ያገኛል። በላሊበላ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራው ቤን አበባ ምግብ ቤት ስሙ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። የሚሸጠው የአንድ በዓል ትርኢት ሳይሆን በየማታው የምትጠልቀውን ጀንበር ነው።

ይህን ሂሳብ ይዞ ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም እስከ አምባ መቅደላ ያለውን አገር የሚመለከት ሰው ብዙ ነገር ያያል። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ያረፉበት፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍም እስከ ዛሬ የሚገኝበት አምባ የበሺሎን ሸለቆ ቁልቁል ያያል። ይህ እይታ በዓመት 365 ቀን አለ። የቀን መቁጠሪያውም ይረዳል፤ መስከረም 16 ደመራ፣ 17 መስቀል፣ 21 ደግሞ በአምባሰል የግሸን ማርያም ክብረ በዓል ነው። በአምስት ቀን ልዩነት ብዙ ተጓዥ በደሴ በኩል ያልፋል።

የሚጎድለው እይታ ሳይሆን እስከ እይታው የሚያደርሰው ነው። መንገድ፣ ውኃ፣ መብራት፣ ከሁሉም በላይ ሰላም። ላሊበላም ብትሆን በሰሜኑ ጦርነት፣ ኋላም በክልሉ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በተነሣው ግጭት ጎብኚ ርቋት ታይቷል። ስለዚህ በአምባ ጫፍ ላይ ምግብ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው በመጀመሪያ ለአካባቢው ሕዝብና ለመንገደኛው በየቀኑ የሚበላ ምግብ የሚሸጥ ቤት ይክፈት፤ እይታው ምርቃት ይሁንለት።

ለወንበር ገዢውም ምክሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአዘቦት ቀን ምግቡ የማይረባ ቤት በደመራ ምሽት አይሻሻልም። ደመራው የማንም ንብረት ያልሆነ፣ የምእመናን ጸሎት ነው፤ ሻጭ ሊያስከፍልበት የሚችለው ወንበሩን፣ ወለሉንና ምግቡን ብቻ ነው። ሦስቱ የሚያወጡትን ዋጋ ደምረው ይክፈሉ፤ ከዚያ በላይ ከተጠየቁ አደባባዩ ለሚቆም ሰው በነጻ ነው።